የዕለቱን ሒሳብ በዕለቱ

ነጋዴ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት የቀኑን ሽያጭ ይቆጥራል። የእድር ጸሐፊ ማን እንደ ከፈለ፣ ማን እንደ ቀረበት ለይቶ በመዝገብ ያሰፍራል። ገበሬም ዘርቶ ዝም አይልም፤ ማሳውን እየዞረ አረሙን ከእህሉ ይለያል። ለገንዘባችን፣ ለማኅበራችንና ለእርሻችን ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለገዛ ሕይወታችን ሒሳብ የምንይዘው ስንቶቻችን ነን? አብዛኛውን ጊዜ ዓመቱ ሲያልቅ፣ በጳጉሜን ቀናት፣ ያለፈውን ዘወር ብለን እናያለን፤ ለአዲሱም ዓመት ብዙ መልካም ነገር እንወስናለን። ይሁን እንጂ የደመራው አመድ ሳይበርድ ውሳኔያችን ይረሳል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ልናነሣ ወደድን። ሰው በየዕለቱ ራሱን መመርመሩና የነገውን መንገድ ማሰናዳቱ ለወደደ ብቻ የተተወ መልካም ልማድ ነውን፣ ወይስ በእርግጥ ግዴታ ነው? ግዴታስ ከሆነ፣ ዕዳው የሚከፈለው ለማን ነው?

ዳኛውና ተከሳሹ አንድ ሲሆኑ

ራስን የመመርመር ልማድ ከክርስቲያኖች ብቻ የመጣ አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በሮም የኖረው ፈላስፋ ሴኔካ ስለ ቁጣ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ ማታ መብራቱ ከተነሣና ባለቤቱ ዝም ካለች በኋላ የዋለበትን ቀን ከራሱ ጋር እንደሚመረምር ይናገራል። ይህንንም ሴክስቲዩስ ከሚባል ቀደምት ፈላስፋ እንደ ወሰደው ይገልጻል። ማታ ለጥያቄ እንደሚቀርብ የሚያውቅ ሰው ቀን ሲውል ንዴቱን መግታት ይለምዳልና፣ ይህ ሊናቅ የማይገባው ጥበብ ነው።

ነገር ግን በዚህ ችሎት ዳኛውም ተከሳሹም ያው አንድ ሰው በመሆኑ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ላይ መውደቅ ይመጣል። አንደኛው ለራሳችን ማድላት ነው፤ «ተናድጄ ነው እንጂ ክፉ አስቤ አይደለም»፣ «እርሱ ነው የጀመረኝ» እያልን ራሳችንን በነጻ እናሰናብታለን። ሁለተኛው ምሕረት የማያውቅ ዳኛ መሆን ነው፤ አንዱን በደል ሌሊቱን ሁሉ ስናገላብጥ አድረን፣ ጠዋት የምንነሣው ታርመን ሳይሆን ደክመን ነው። ሁለቱ ስሕተቶች ተቃራኒ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ከራስ በቀር ሌላ አያዩም።

በማን ፊት?

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ችግር የምትሰጠው መልስ ምርመራውን በሌላ ፊት ማድረግ ነው። የዳግማዊ ቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ስላላት ስፍራ ባጸደቀው ሰነድ፣ ኅሊና ሰው ከአምላኩ ጋር ብቻውን የሚሆንበት ውስጣዊ ስፍራ መሆኑን ያስተምራል። እንግዲህ ወደ ኅሊናችን ስንገባ ወደ ባዶ ክፍል አንገባም፤ ቀድሞ የሚጠብቀን አለ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የተነገረለት የጠፋው ልጅም ወደ ልቡ የተመለሰው ረኃቡን በመቁጠር ብቻ አልነበረም። እንዲነሣና እንዲሄድ ያበረታው የአባቱን ቤት ማስታወሱ ነው።

ይህን መንገድ በሥርዓት ካስተማሩን ቅዱሳን አንዱ ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ነው። በ1521 እ.ኤ.አ. በፓምፕሎና ውጊያ በመድፍ ተመትቶ እግሩ ከተሰበረ በኋላ፣ በአልጋ ላይ በቆየባቸው ወራት አንድ ነገር አስተዋለ። ስለ ዝናና ስለ ጀግንነት ሲያልም የሚሰማው ደስታ ሐሳቡ ሲያልፍ ልቡን ደረቅ አድርጎት ይሄዳል፤ የክርስቶስንና የቅዱሳንን ሕይወት ሲያሰላስል የሚሰማው ደስታ ግን ከሐሳቡ በኋላም ይቆያል። ሁለቱም ሐሳቦች ሲጀምሩ ደስ ያሰኙ ነበር፤ ልዩነታቸው የታወቀው በስተመጨረሻ ጥለውት በሚሄዱት ነገር ነው።

በኋላም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ በ1548 እ.ኤ.አ. ባጸደቁት የመንፈሳዊ ልምምድ መጽሐፉ የኅሊና ምርመራን በአምስት ደረጃ አስቀመጠው። በመጀመሪያ ስለ ተቀበልነው ጸጋ እግዚአብሔርን ማመስገን፤ ሁለተኛ ኃጢአታችንን አውቀን የምንተውበትን ጸጋ መለመን፤ ሦስተኛ ከተነሣንበት ጊዜ ጀምሮ ቀኑን በሐሳብ፣ በቃልና በሥራ እየከፈሉ መመርመር፤ አራተኛ ይቅርታ መጠየቅ፤ አምስተኛ በእግዚአብሔር ጸጋ ለመታረም መወሰን ነው። ምስጋናው የቀደመው በአጋጣሚ አይደለም። የተሰጠንን ያላወቅን እንደ ሆነ ያጎደልነውን ልናውቅ አንችልም፤ ተወዶ መኖሩን ያወቀ ሰውም ጥፋቱን ለማየት ድፍረት ያገኛል።

ባልንጀራን ያስረሳልን?

ሁልጊዜ ወደ ራሱ የሚመለከት ሰው ባልንጀራውን ለማየት ጊዜ አያገኝም የሚሉ አሉ። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ በአንድ ምሳሌ ልንመለከተው እንችላለን።

አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከገጠር ለመጡ አንድ አዛውንት «ዛሬ አይመችም፣ ነገ ይመለሱ» ብሎ መለሳቸው እንበል። ለእርሱ ይህ ቃል የአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ለእርሳቸው ግን የአንድ ሌሊት ማደሪያ፣ የምግብ ወጪና ከእርሻ የሚቀሩበት አንድ ተጨማሪ ቀን ነው። የሚከሰው ሕግ የለም፤ አለቃውም አይጠይቀውም፤ አዛውንቱም «እሺ ልጄ» ብለው ሄደዋል። እርሱ ራሱ እስከ ማታ ድረስ ረስቶታል። ቀኑን በሰዓት በሰዓቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ካላየው በቀር፣ የእኒያ ሰው ፊት ዳግመኛ በፊቱ አይመጣም።

በቤታችንም እንዲሁ ነው። አባት ከሥራ ደክሞት ሲገባ ደብተሩን ይዞ የቀረበውን ልጅ «ወዲያ ሂድ» ይለዋል። ልጁ አይከራከርም፤ ደብተሩን አጥፎ ይሄዳል። ይህ በየሳምንቱ ሲደጋገም፣ ልጁ ከአባቱ ዘንድ መቅረቡን ይተዋል፤ አባቱም ልጁ መቼ እንደ ራቀ አያውቅም።

የጥያቄያችን መልስ የሚገኘው ከዚህ ላይ ይመስለናል። በሰው ላይ ከምናደርሳቸው በደሎች አብዛኞቹ ትንንሾች ናቸው፤ ከሳሽ አይነሣባቸውም። እኛ ካልፈለግናቸው ማንም ፈልጎ አያመጣልንም። ስለዚህ ራስን መመርመር ለእግዚአብሔርና ሊጠይቁን ላልቻሉት ባልንጀሮቻችን የምንከፍለው ዕዳ ነው። የኅሊና ምርመራ በትክክል ሲደረግ ባልንጀራን አያስረሳም፤ የረሳነውን ባልንጀራ መልሶ ያመጣልናል። አለዚያ ግን የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደ ተባለው እንሆናለን።

ነገን ማሰናዳት

ጸጸት ብቻውን ግን ሰውን አይለውጥም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ አስተምሮናል። በአንጻሩ ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 4 ነገ የእርሱ እንደ ሆነ አድርጎ የሚያቅደውን ይገሥጻል። ሁለቱ ትምህርቶች አይጋጩም። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ማለት የዕቅዳችን ባለቤት ማን እንደ ሆነ ማወቅ ነው እንጂ ዕቅድ ላለማውጣት ምክንያት አይደለም።

በመጽሐፍ ቅዱስ አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ከማታ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን በዓላትም የሚገቡት በዋዜማ ነው። ስለዚህ የማታው ጸሎት የዛሬ መዝጊያ ብቻ ሳይሆን የነገም በር ነው። በዚያ ሰዓት ለነገ አንድ ነገር ብቻ እንምረጥ፤ የመረጥነውም ነገር የተለየና የሚጨበጥ ይሁን። «ከነገ ጀምሮ ትዕግሥተኛ እሆናለሁ» ማለት ምኞት ነው። «ነገ ወደ ቤት ስገባ ከሁሉ አስቀድሜ የልጄን ደብተር አያለሁ»፣ «ነገ ጠዋት የእኒያን አዛውንት ጉዳይ በመጀመሪያ አነሣለሁ» ማለት ግን ዕቅድ ነው፤ መፈጸሙና አለመፈጸሙ በማግሥቱ ማታ ይታወቃልና። ቅዱስ ኢግናጥዮስም አንድን ጉድለት ለማረም ለሚሻ ሰው፣ ለሳምንቱ ቀናት በየቀኑ ሁለት ሁለት መስመር አስምሮ የወደቀበትን ጊዜ በነጥብ እንዲመዘግብ፣ ቀኑን ከቀን፣ ሳምንቱንም ከሳምንት እንዲያስተያይ መክሯል።

ጊዜ ስለሌላቸው

ሌሊት ተነሥታ እስከ ማታ የማትቀመጥ እናት፣ ጉልበቱን ጨርሶ የሚገባ የቀን ሠራተኛ፣ በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን ለዚህ የሚሆን ሰዓት ከየት ያገኛሉ? በእርግጥ ሸክማቸውን የማያውቅ ሰው በቀላሉ ሊመክራቸው አይገባም። ሆኖም ይህ ልማድ ክፍልም ደብተርም የግድ አይጠይቅም። ኢግናጥዮስ በትምህርት ለተጠመዱት ማኅበርተኞቹ በጸሎት ብዛት እንዳይደክሙ ቢጠነቀቅም፣ በቀን ሁለት ጊዜ ኅሊናን መመርመር ግን እንዲቀር አላደረገም። ረጅም ጊዜ ያጣ ሰው ጥቂቱን ይያዝ። ልማዱንም አስቀድሞ ካለው ሌላ ልማድ ጋር ያያይዘው፦ ከማታው አባታችን ሆይ ቀጥሎ፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት፣ ወይም ከሥራ በሚመለስበት መንገድ ላይ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና፣ አምስት ደቂቃ በየቀኑ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ረጅም ሐዘን ይበልጣል።

አንድ ቀን ቢታለፍስ? በማግሥቱ እንደ ወትሮው መቀጠል ነው እንጂ ያመለጠውን በእጥፍ ለመክፈል መታገል አያስፈልግም። ጥርጣሬና ጸጸት ዕረፍት የሚነሣቸውም አሉ፤ ኢግናጥዮስ ራሱ በ1522 እ.ኤ.አ. በማንሬሳ ሳለ የተናዘዘውን ኃጢአት ደጋግሞ እየተጠራጠረ እጅግ ተሠቃይቷል። እንዲህ ያለ ሰው ምርመራውን አሳጥሮ ምስጋናውን ያርዝም፤ ብቻውንም አይታገል፣ ካህን ያማክር። የየማታው ምርመራ ምስጢረ ንስሐን አይተካም፤ ወደ ንስሐ አባት ስንቀርብ የምንናገረውን እንድናውቅ ግን ያዘጋጀናል።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ይህን ለመጀመር ጳጉሜንን ወይም ዐቢይ ጾምን መጠበቅ አያሻም። ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት ስለ አንድ ነገር እናመስግን፤ ዛሬ ያገኘናቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እናስባቸው፤ ከእነርሱም መካከል ነገ ልንክሰው የሚገባን አንድ ሰው እንዳለ እንጠይቅ። ስሙን ካገኘን፣ የነገው ዕቅዳችን ከእርሱ ይጀምር። እግዚአብሔር ለማየት ብርሃኑን፣ ለመፈጸምም ጸጋውን ይስጠን። አሜን።