«ሳይደግስ አይጣላም»፤ ደጋሹስ ማን ነው?

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» የሚባለው ሰው ሲጎዳ ነው፤ ከሥራ ለተሰናበተ፣ ፈተና ለወደቀ፣ ቪዛ ለተከለከለ። ፈጣሪ ቢቆጣ እንኳ በጓዳው የምንበላውን አሰናድቶ ነውና ዛሬ ፊቱን ቢያዞርብህ ተስፋ አትቁረጥ እንደማለት ነው። ያማረ አባባል ነው። ችግሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአፉ የማይጠፋው ደመወዙ ያልተቋረጠበት ሰው መሆኑ ነው።

በሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት ብንመዝነው አንዴ ይሞላል፣ አንዴ ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በ1964 የቶክዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጣ። ያሸንፋል ብሎ የገመተ ጥቂት ነበር። እሱ ግን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ይባስ ብሎ ሳሩ ላይ ጋደም ብሎ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። እዚህ ድረስ ተረቱ ልክ ነው። በ1969 ግን የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠችና ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በዓመቱ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ተወዳደረ፤ በ1971 ኖርዌይ ውስጥ በውሻ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። ጥንካሬው ያስደንቃል። ነገር ግን ሮምን በባዶው የሮጠው ያ እግር ለዚህ ድግስ ሲባል ተወሰደ ብሎ ማን ይደፍራል? አበበ በ41 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ አንገቱን ሳይደፋ ኖረ እንጂ ሒሳቡስ አልተወራረደም።

ስለዚህ ተረቱን ለከባዱ ሐዘን ባናወጣው እመርጣለሁ። ቦታው የዕለት ተዕለቱ ጣጣ ነው።

አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ። ሊጡ ሦስት ቀን ቦክቷል፤ ጠዋት አብሲት ተጥሎለት ኩፍ ብሏል። ምጣዱ ግሏል። ሦስተኛው እንጀራ ዓይን ማውጣት ሲጀምር መብራቱ ድርግም! ኩፍ ያለ ሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ ይወድቃል፣ ይኮመጥጣል። ሴትዮዋ በመጀመሪያ አጥፊውን ትራገማለች፤ ይህ መብቷ ነው። ቀጥላ በረንዳ ትወጣለች። ፊት ለፊት ያለው ብሎክ በርቷል፤ የጠፋው አንዱ ፌዝ ብቻ ነው። «እትዬ፣ እናንተ ጋ አለ እንዴ?» የሊጡን ባልዲ አንጠልጥላ ደረጃውን ትወርዳለች። እዚያ ስትደርስ የጎረቤቷም ሊጥ ተራ እየጠበቀ ነው፤ በአንድ ምጣድ የሁለት ቤት እንጀራ ይጋገራል፣ ቡና ይቆላል፣ የሰፈሩ ወሬ ይነሳል። ጎረቤቶቹ ለወራት በደረጃ ላይ ሰላምታ ብቻ ሲለዋወጡ ከርመው የልጆቻቸውን ስም የሚያውቁት እንዲህ ባለ ቀን ነው።

እኔ ቀና አመለካከት የምለው ያንን በረንዳ መውጣቱን ነው፤ ፈገግ ማለቱ በኋላም ይደርሳል። ድግሱን ያሰናዳችው ባለ ፌዟ ጎረቤት ናት። አዲስ ገብታ የማንንም በር አንኳኩታ የማታውቀዋ ተከራይ ግን ሊጧን ትደፋለች፤ ለእሷ ተረት መጥቀስ ስላቅ ይሆናል።

እንግዳዋ ጋግራ ስትወጣ ለባለምጣዷ ሁለት ትኩስ እንጀራ ትታ መሄዷ ደንብ ነው። ለቆጣሪው ካርድ ላዋጣ ብትል ግን ትቆጣታለች።