ገድልና ድል

አባቶቻችን የቅዱሳንን ዜና ሕይወት በብራና ላይ ባሰፈሩ ጊዜ መጽሐፉን «ገድል» ብለው ሰየሙት እንጂ «ድል» አላሉትም። ሁለቱ ቃላት በጽሕፈት የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ቢሆንም በምሥጢር ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ገድል የትግሉ ስም ሲሆን ድል የፍጻሜው ስም ነውና። ገድላቸው ከሚነበብላቸው መካከል ብዙዎቹ በዚህ ዓለም ሚዛን ቢመዘኑ የተረቱ ሰዎች ናቸው፤ ከፊሎቹ በሰይፍ ተቀልተዋል፣ ከፊሎቹ ከአገራቸው ተሰደው በባዕድ ምድር ዐርፈዋል። እንግዲህ ከዚህ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ የሰው ሥራ ክብሩን የሚያገኘው ከፍጻሜው ነውን ወይስ ከድካሙ?

ይህን ጥያቄ ከገዳምና ከመጻሕፍት ርቄ፣ በአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳ ላይ ልመረምረው እወዳለሁ። ጨዋታን ከሰማዕትነት ጋር ማስተካከል ድፍረት እንደሚሆን አልስተውም፤ ነገር ግን ትልቁን ነገር በትንሹ መስተዋት ማየት የተከለከለ አይደለም፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈ ጊዜ የሯጮችንና የሚጠፋውን አክሊል ምሳሌ መጠቀምን አልናቀም።

ማርቭ ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1925 በቺካጎ ከአይሁድ ወገን የተወለደ፣ በወጣትነቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኃይል ያገለገለ፣ በ1951 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝ ታሪክ የማስተርስ ዲግሪ የተቀበለ ሰው ነው። የታሪክ መምህር ሆኖ መኖር ሲችል የአሠልጣኝነትን ሕይወት መረጠ፤ ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ብዙ ዘመን ካሳለፈ በኋላ ወደ ካናዳ ተሻግሮ የሞንትሪያልን ቡድን በ1974ና በ1977 ለአገሩ ታላቅ ዋንጫ አበቃ፤ ከዚያም በካንሳስ ሲቲ አምስት ዓመት ሠርቶ ተሰናበተ። በ1986፣ በ61 ዓመቱ፣ በኤሪ ሐይቅ ዳር የምትገኘውን በረዶ የማይለያትን የቡፋሎን ከተማ ቡድን፣ ቢልስን፣ ሲረከብ ቡድኑ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት በየዓመቱ ከ16 ግጥሚያ ያሸነፈው ሁለት ሁለት ብቻ ነበር።

ይህ ሰው ያንን የተዋረደ ቡድን አንሥቶ ሱፐር ቦል ወደሚባለው የዓመቱ የመጨረሻ ግጥሚያ አራት ዓመት በተከታታይ አደረሰው፤ ከእርሱ በፊትም ሆነ ከእርሱ በኋላ ይህን ያደረገ ቡድን የለም። አራቱንም ጊዜ ተሸነፈ።

የመጀመሪያው ሽንፈት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 27 ቀን 1991 በታምፓ ከተማ ሆነ። ቡፋሎ 20 ለ19 እየተመራ 8 ሴኮንድ ሲቀር፣ ስኮት ኖርውድ የሚባለው መቺ ኳሷን ከ47 ያርድ ርቀት በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ቢያሳልፋት ዋንጫው የነርሱ ይሆን ነበር፤ ኳሷም ርቀቱን ከሚበቃ በላይ ሄደች፣ ነገር ግን ከቀኙ ምሰሶ ውጭ አለፈች። በማግሥቱ ብዙ ሺህ ሕዝብ በቡፋሎ በናያጋራ አደባባይ ተሰብስቦ ያንኑ መቺ በስሙ እየጠራ ይወጣለት ዘንድ ጮኸ፤ እርሱም ወጥቶ ድምፁ በእንባ እየተያዘ አመሰገነ። ያ ሕዝብ ነገረ መለኮት ያጠና አልነበረም፤ ነገር ግን ድካሙን ከፍጻሜው ለይቶ ማክበርን በዚያች ዕለት ዐወቀ።

አሠልጣኝ ከሰው ሁሉ ይልቅ ይህን ልዩነት ሊያውቅ የተገደደ ነው። ሥራው የሚፈጸመው በሌላው ሰው እግርና እጅ ነውና፤ በመጨረሻዋ ሰዓት እርሱ ከሜዳው ዳር ቆሞ ከመመልከት በቀር የሚያደርገው የለውም። ሐዋርያው ስለ ተካይና ስለ አጠጪ ሲናገር ማሳደግን ለእግዚአብሔር እንደ ተወ፣ አሠልጣኝም ተክሎና አጠጥቶ ማሳደጉን ለማያዘው ነገር ይተዋል። ሌቪም ይህንን መጠን ያወቀ ይመስላል፤ ጋዜጠኞች ግጥሚያው የግድ ማሸነፍ የሚገባው አይደለምን ብለው ቢጠይቁት፣ የግድ ማሸነፍ የሚገባው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር ብሎ እንደ መለሰ ይነገራል።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ተነሥቶ «ይህ የተሸናፊዎች መጽናኛ ነው፤ ድልን የማይፈልግ ስለ ምን ይጋጠማል?» ሊል ይችላል። ነገሩም እውነት አለበት፤ አክሊልን የማይመኝ ሯጭ ሯጭ አይባልምና፣ ሽንፈትንም እንደ ትሩፋት መቁጠር ስንፍናን በጽድቅ ልብስ መሸፈን ነው። ዳሩ ግን አክሊልን መመኘት አንድ ነገር ነው፤ የሥራን ዋጋ በአክሊል ብቻ መለካት ሌላ ነገር ነው። ምኞቱ ሰውን ያስነሣዋል፤ መለኪያው ግን ድል ባመለጠ ማግሥት ይጥለዋል። የሌቪ ሰዎች ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ ያንኑ ረጅም መንገድ ከመጀመሪያው ጀምረው በሚቀጥለው ዓመት ወደተገፉበት ደጅ ተመለሱ፤ መለኪያቸው ዋንጫው ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ የሚመልሳቸው ምን ነበር?

ሦስተኛው ሽንፈት በ1993 በፓሳዲና ከሁሉ የከፋው ነበር። ጥቂት ደቂቃ ሲቀር የዳላስ ቡድን 52 ለ17 ሲመራ፣ ሊዮን ሌት የተባለው የዳላስ ግዙፍ ተጫዋች የወደቀች ኳስ አንሥቶ ወደ ባዶው ሜዳ ሮጠ፤ መስመሩ ላይ ሊደርስ ሲል ኳሷን በአንድ እጁ ዘርግቶ ርምጃውን አዘገየ። ከሩቅ ኋላ የመጣው የቡፋሎው ዶን ቢቢ ግን አላዘገየም ነበርና፣ በመጨረሻዋ ርምጃ ላይ ደርሶ ኳሷን ከእጁ መትቶ አስጣለው። ሽንፈቱ ሽንፈት ሆኖ ቀረ፤ ቢቢም ሲሮጥ ይህን ያውቅ ነበር።

ሌቪ በ1997 ከአሠልጣኝነት ተሰናበተ፤ በ2001ም በኦሃዮ፣ በካንተን ከተማ በሚገኘው የስፖርቱ የክብር ቤት ስሙ ተጻፈ። መራጮቹ ያን ቀን ለድል አድራጊነቱ ቢፈርዱ ኖሮ፣ አራት ጊዜ ከደጁ የተመለሰውን ሰው ባላስገቡት ነበር። ያደረጉት አባቶቻችን በብራና ላይ ያደረጉትን ነው፤ ገድሉን ጻፉለት።