የስም ባለቤት ማን ነው? ስለ ጨርጨር ቡናና ስለ ሐሰተኛ ሸቀጥ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲባል የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጀግና ወይም ስለ ደግ ሰው ሲወራ ነው። ስለ አንድ ኪሎ የተቆላ ቡና እንዲህ ተብሎ ሲነገር የሰማ ያለ አይመስለንም። ይሁን እንጂ ገበያ የሚውል ዕቃም ስም አለው። ስሙም የላብ ውጤት ነው፤ በላብ የተገኘ ነገር ደግሞ ሊሰረቅ ይችላል። ሐሰተኛ ሸቀጥ የሚሠራ ሰው በእርግጥ የሚሰርቀው ምንድን ነው? የሚሰርቀውስ ከማን ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ነገሩን ከቅርብ እንመልከተው። ጭሮ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ አንዲት እናት ቡና ቆልተውና ወቅጠው በከረጢት እያሸጉ ይሸጣሉ እንበል። ጀንፈሉን ከሐብሮ ወይም ከዳሮ ለቡ ገበሬ በፈረሱላ ይገዛሉ፤ ያስፈለፍላሉ፤ ጥቁሩንና የነቀዘውን በእጃቸው ይለቅማሉ። በከረጢቱ ላይ የለጠፉት ወረቀት ስማቸውንና አንዲት ትንሽ የጀበና ሥዕል ይዟል። መንገደኛው አንድ ጊዜ ገዝቶ ይሄዳል፤ በተመለሰ ጊዜ ያንኑ ጀበና ፈልጎ ይወርዳል። ከሦስት ዓመት በኋላ ከዚያው መንገድ ማዶ ተመሳሳይ ከረጢት፣ ተመሳሳይ ቀለም፣ ተመሳሳይ ጀበና ብቅ ይላል። ውስጡ ግማሹ ቡና፣ ግማሹ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው። መንገደኛው ቤቱ ገብቶ ይቀምሰውና «የሴትዮዋ ቡና ተበላሸ» ይላል። በሚቀጥለው ጉዞው ከአውቶቡሱ አይወርድም።

እዚህ ላይ ገዢው ያጣው የአንድ ከረጢት ዋጋ ነው፤ አንድ ጊዜ ተታለለ፣ ሁለተኛ አይታለልም። የእኚያ እናት ጉዳት ግን ሌላ ዓይነት ነው። ከሱቃቸው አንዲት ፍሬ ቡና አልጠፋም፤ ሚዛናቸውም፣ ሙቀጫቸውም በቦታው አለ። የተወሰደባቸው ሦስት ዓመት ሙሉ በለቀማና በጥንቃቄ የገነቡት እምነት ነው። ይባስ ብሎ ያልሠሩት ጥፋት በስማቸው ተመዘገበ። ተራ ሌባ የሰረቀውን ይዞ ይሄዳል፤ ሐሰተኛ ሸቀጥ የሚሠራው ግን የራሱን ነውር በሌላው ደጃፍ ጥሎ ነው የሚሄደው። በዚህ ሚዛን ከታየ ድርጊቱ ከስርቆት ይልቅ በሐሰት ከመመስከር ጋር ይቀራረባል።

መኮረጅ ሁሉ ወንጀል ነው ማለታችን ግን አይደለም። የሐረር ሰፌድ ሰፊ ሴት ጥለቱን የተማረችው ከእናቷና ከጎረቤቷ ነው። ሸማኔውም፣ ሠዓሊውም፣ ድምፃዊውም እንዲሁ ከቀዳሚዎቹ ወስዷል። አንዱ የሌላውን ዘዴ ባይወርስ ኖሮ ጥበብ የሚባል ነገር ባልኖረን ነበር። ዘዴን መማር ሌላ፣ ፊርማን መውሰድ ሌላ ነው። ማዶ ያለው ነጋዴ ከእኚህ እናት አቆላልን ተምሮ በራሱ ስም ቢሸጥ ማንም ሊነቅፈው አይገባም፤ እንዲያውም ከተማይቱ ሁለት ጥሩ ቡና ቆይዎች ይኖሯታል። በደሉ የሚጀምረው ጀበናዋን ከወሰደበት ሰዓት ነው። ካሴቱ በየሱቁ እየተገለበጠ ሲቸበቸብ ያየ ድምፃዊ ይህን ልዩነት ያለ አስረጂ ይገነዘበዋል።

ሕጉም ከሞላ ጎደል በዚሁ መሥመር ይሄዳል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 አንድ ነጋዴ ምልክቱን አስመዝግቦ ለሰባት ዓመት እንዲጠበቅለት፣ በየሰባት ዓመቱም እንዲያሳድሰው ይፈቅዳል። ምዝገባው አዲስ አበባ ባለው የአእምሯዊ ንብረት ባለ ሥልጣን መሥሪያ ቤት ይከናወናል። በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳ ወይም በገለምሶ ለሚኖር አነስተኛ ነጋዴ መንገዱና ወጪው ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ያም ሆኖ ጀበናዋ ሳትመዘገብ ሦስት ዓመት ከመዋሏ፣ በመጀመሪያው ዓመት ተመዝግባ ቢሆን ለክርክሩ ጽኑ መሠረት ይኖር ነበር። በከረጢቱ ላይ የተቆላበትን ቀን መጻፍ፣ ማኅተም ማድረግ፣ ደንበኛን «እኔ ከዚህ ሱቅ በቀር ሌላ ቦታ አልሸጥም» ብሎ ማስጠንቀቅም ርካሽ ጋሻዎች ናቸው።

ጥያቄው የሚከብደው ስሙ የአንድ ሰው ሳይሆን የአገር ሲሆን ነው። የምዕራብ ሐረርጌ ቡና በዓለም ገበያ የሚታወቀው ጭሮ ወይም ጨርጨር ተብሎ ሳይሆን ሐረር ተብሎ ነው። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ሦስት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ጥያቄ አቀረበች። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት ቃላት የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል፣ ስለዚህ የማንም ንብረት ሊሆኑ አይችሉም የሚል ክርክር ተነሳ፤ የአሜሪካው መዝጋቢ መሥሪያ ቤትም በመጀመሪያ ሁለቱን ስሞች አልቀበልም አለ። ልብ በሉ፤ አንድ ስም በጣም ስለታወቀ ብቻ ባለቤት አልባ ሊባል ነበር! ስታርባክስ የተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ በበኩሉ የአመጣጥ ማረጋገጫ ምልክት ይሻላችኋል የሚል ሐሳብ ሰነዘረ። የኢትዮጵያ ወገን ግን ቡናው በብዙ መቶ ሺህ ትናንሽ ማሳዎች የሚበቅልና በሸክምና በአህያ ወደ ገበያ የሚወጣ በመሆኑ እያንዳንዱን ከረጢት መከታተል ገበሬው የማይችለው ወጪ ነው ሲል መለሰ። በ1999 ዓ.ም. ኦክስፋም ባካሄደው ዘመቻ ጉዳዩ በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ኩባንያውና የኢትዮጵያ መንግሥት ተስማሙ። ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸው ታወቀ፤ ነጋዴዎቹም ያለ ክፍያ ፈቃድ ወስደው በስሞቹ እንዲጠቀሙ ተደረገ።

ድሉ ድል ነው፤ አናቃልለውም። ይሁን እንጂ ሐቀኛ ለመሆን ከፈለግን በራሳችንም ጓዳ መመልከት ይገባናል። የሐረርጌ ቡና ራሱ ለረጅም ዘመን በውጭ አገር ሲሸጥ የኖረው በየመን ወደብ በሞካ ስም ነበር። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ስም ለወጠ፤ ያን ጊዜ ከሌላው ስም የተጠቀመው የእኛ ቡና ነበር ማለት ነው። በቅርብ ጊዜም፣ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በየምድቡ ሲከፍል የአርሲ ጎልጎልቻንና የባሌን ቡና በሐረር ስም ሥር አስገብቶት ነበር። ምክንያቱ የጣዕምና የአዘገጃጀት ተመሳሳይነት ነው ተባለ፤ ሁሉም በደረቁ፣ በፀሐይ የሚዘጋጅ ነውና። መልካም፤ ግን የጭሮዋ እናት ጎረቤትም «ቡናዬ ይመሳሰላል» ቢል ምን እንመልስለታለን? መንግሥት ሲያደርገው ምደባ፣ ችርቻሮ ነጋዴ ሲያደርገው ማጭበርበር ነው እንዳንል እንጠንቀቅ። ልዩነቱ ያለው ምደባው በይፋ የተጻፈና ገዢው ሊያነበው የሚችል በመሆኑ ነው። ይህ መልስ ግን ግማሽ መልስ ነው፤ ምክንያቱም ጆንያው አገር ከለቀቀ በኋላ የሚነበበው «ሐረር» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

(ስለ ስም ካነሳን አይቀር፣ ይህች ከተማ ራሷ ሁለት ስም አላት። አሰበ ተፈሪ የሚለው ከተፈሪ መኮንን ስም ጋር የተያያዘ ነው፤ ጭሮ የሚለው ደግሞ ዛሬ በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ላይ የሚገኘው ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የከተማን ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ሹመት ነው።)

ወደ ገበሬው እንመለስ። በጨርጨር ተራራዎች ቡናን እየነቀለ ጫት የሚተክል ገበሬ ሰንብቷል። ጫት በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይቀነጠሳል፤ ዋጋውም በዚያው ቀን እጅ ይገባል፤ ቡና ግን ዓመት ያስጠብቃል። ጫቱም ቢሆን ያለ ስም አይሸጥም፤ በአዲስ አበባ ገዢው አወዳይ ወይም ገለምሶ ብሎ በአገሩ ይጠራዋል። ቡና አምራቹ ራሱ ብዙ ጊዜ ፍሬውን ለገበያ አውጥቶ ከቅጠሉ የሚፈላውን ቁቲ ይጠጣል። እንግዲህ የሐረር ስም ባለቤት ማን ነው? በሰነዱ ላይ የተጻፈው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። በሞራል ሚዛን ግን ስሙን ያስገኘው ጀንፈሉን በአልጋ ወይም በምንጣፍ ላይ አስጥቶ ዝናብ ሲመጣ እየሮጠ የሚሰበስበው ሰው ነው። የስሙ ጥቅም ከእርሱ ዘንድ ካልደረሰ፣ ከሐሰተኛው ነጋዴ ያዳንነውን ስም ለሌላ ሰው አሳልፈን ሰጠን ማለት ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት የሕብረት ሥራ ማኅበራት ጉዳይ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ማኅበሩ በጆንያው ላይ የቀበሌውን ስም ከጻፈና ቡናውን ሳይቀላቅል ካቀረበ፣ «ሐረር» ከሚለው ሰፊ ስም ሥር «ሂርና» ወይም «መቻራ» የሚል፣ ለመፈተሽ የሚመች ስም ይኖራል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅም አምራቹና ላኪው በቀጥታ የሚገናኙበትን በር አስፍቶታል።

ይህ የሚሆነው ግን ማኅበሩ አንዲት ከባድ ነገር ለማድረግ ከቆረጠ ነው፤ የአባሉን እርጥብ ወይም የተቀላቀለ ቡና ከበሩ ላይ መልሶ መስደድ። በመንደር ውስጥ፣ ዘመድ በዘመዱ ፊት ቆሞ ሚዛን በሚያይበት ቦታ፣ «ይህን አልቀበልህም» ማለት አሜሪካ ድረስ ሄዶ ከመከራከር ይከብድ ይሆናል። በመኸር ወቅት በመጋዘኑ ደጅ የሚቆመው ሚዛን ተቆጣጣሪ ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፤ ጆንያውን የተሸከመው ሰውም አጎቱ ሊሆን ይችላል።