«ዲያብሎስ» የተባለችው እናት

በርዕሱ አትደንግጡ። «ስታር ትሬክ» በተሰኘው የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1967 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ አንድ ክፍል አለ፤ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በጨለማ ውስጥ ያለው ዲያብሎስ» ማለት ነው። ዛሬ በየስልካችን ከምናያቸው ፊልሞች ጋር ሲነጻጸር አሠራሩ ያስቃል። ዋሻው የእውነት ዋሻ እንዳልሆነ ያስታውቃል። አስፈሪው ፍጡርም ያኖሽ ፕሮሃስካ የሚባል ተዋናይ ወፍራም ልብስ ለብሶ መሬት ለመሬት ሲሳብ ነው። የተከታታዩ ወዳጅ ስለሆንኩ ይህን ሁሉ ይቅር እላለሁ። ስለዚህ ክፍል የምጽፈው ግን ስለወደድኩት ብቻ አይደለም። ታሪኩ የማዕድን ታሪክ ነው፤ ሻኪሶ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ የማዕድን ታሪክ ሩቅ ፕላኔት ላይ ቢሆንም ሩቅ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኑስ ስድስት በምትባል ፕላኔት ላይ ሰዎች ከመሬት በታች ማዕድን ያወጣሉ። ብዙ ዓለማት ለኃይል ማመንጫቸው የሚጠብቁት ይህንኑ ማዕድን ነው። ወደ ጥልቁ እየቆፈሩ ሲወርዱ ግን አንድ የማይታወቅ ፍጡር በአሲድ እያቃጠለ ይገድላቸው ጀመር፤ ሃምሳ ያህል ሰው አለቀ። በዚህ ላይ ፍጡሩ የኃይል ማመንጫውን ፓምፕ ሰርቆ ወሰደ። ካፒቴን ከርክና ጓደኛው ስፖክ ለእርዳታ ይመጣሉ። ስፖክ በሕይወት እንያዘው ሲል ከርክ ይገደል ብሎ ያዝዛል።

በኋላ ግን ፍጡሯ እናት መሆኗ ይታወቃል። ሆርታ ትባላለች፤ አካሏ እንደ ድንጋይ ነው፤ ዓለቱን እንደ ቅቤ እየሰነጠቀች ታልፋለች። በየ50,000 ዓመቱ ዘሯ በሙሉ ይሞትና አንዲት ብቻ እንቁላሎቹን ለመጠበቅ ትቀራለች። ቆፋሪዎቹ በዋሻው ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ድቡልቡል ድንጋዮች አግኝተው፣ ዋጋ የላቸውም ብለው ሰባብረዋቸው ነበር። አለቃቸው አንዷን ለጌጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧታል። እነዚያ ድንጋዮች ልጆቿ ነበሩ።

ቆፋሪዎቹ እውነቱን ሲሰሙ መልሳቸው «አላወቅንም» ነው፤ አምናቸዋለሁ። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው ድንጋይ ያየ ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ አለመጠየቁ ይገርመኛል። ጠረጴዛው ላይ እስከማስቀመጥ ድረስ ዓይኑን የሳበውን ነገር እንኳ አልጠየቀም። ዋጋ የለውም ማለት እዚያ የነበረው ትርጉም አንድ ብቻ ነው፤ አይሸጥም ማለት ነው። የክፍሉ ስምም ቢሆን እናቲቱን የሚያያት በፈሯት ሰዎች ዓይን ነው። እኛም አንዳንዴ አንድን ሰው ዲያብሎስ ካልነው በኋላ ለምን እንዲህ ሆነ ብለን መጠየቅ ይከብደናል። በለዓም አህያውን ሦስት ጊዜ የደበደባት ያየችውን ስላላየ ነበር (ዘኍልቍ 22)።

ለእኔ የክፍሉ ልብ ያለው ከርክ ከሆርታ ጋር ብቻውን በዋሻ ውስጥ ሲፋጠጥ ነው። መሣሪያው በእጁ ነው፤ እሷም ቆስላለች። ስፖክ በሬዲዮ «ግደላት» ይለዋል። ያ አትገደል ብሎ ሲከራከር የነበረው ስፖክ፣ የጓደኛው ሕይወት ላይ ሲመጣ መርሁን ረሳ። እንድትገደል ያዘዘው ከርክ ደግሞ ዓይን ለዓይን ሲያያት አልተኮሰም። ቆይቶ ስፖክ ደርሶ፣ በመንካት የሌላውን ሐሳብ የማወቅ ችሎታውን ሲጠቀም፣ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል ሳይሆን የሕመም ጩኸት ነው። እሷም በአሲዷ ዓለቱ ላይ የተሰባበሩ ቃላት ትጽፋለች። «አትግደሉኝ» የሚል ልመና ይሁን «አልገድላችሁም» የሚል ቃል ኪዳን አይለይም። ለነገሩ ሰላም ሲጀመር ሁለቱም አብረው መነገራቸው አይቀርም።

ቅር ያሰኘኝ መጨረሻው ነው። ቆፋሪዎቹ ዱላ ይዘው ሊፈጇት ሲመጡ ከርክ ያስቆማቸዋል፤ እውነቱን ይነግራቸዋል፤ ከዚያም ስምምነት ያቀርባል። የሆርታ ልጆች ሲፈለፈሉ ዓለቱን ይሰነጥቃሉ፤ ሰዎቹ ተከትለው ማዕድኑን ይለቅማሉ። ሁሉም ባለጠጋ ይሆናል። ፊቶች ይፈታሉ፣ ቀልድ ይጀመራል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ይዞኝ ቀረ። የሆርታ ልጆች ዓለት መሰንጠቅ ባይችሉስ? ለማንም የማይጠቅሙ ቢሆኑስ ኖሮ ዱላው ይወርድ ነበር?

አብሮኝ ያየው አንድ ወንድም፣ ራሱ አፈር እያጠበ ወርቅ የሚያወጣ፣ በዚህ አልተስማማም። «ያዳናት ስምምነቱ ነው» አለኝ። «ምሕረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቆፋሪዎቹ ልጆቻቸውን የሚያበሉት ሲያጡ በሦስተኛው ቀን ዱላቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር።» ይህን ቀላል አድርጌ አላየውም። በገበቴ የሚያጥብ ሰው ናዳ ሊበላው እንደሚችል እያወቀ ጉድጓድ የሚገባው ስለጨከነ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስም ቢሆን ቆፋሪን አይንቅም፤ ኢዮብ 28 ከሰው ርቀው በጥልቁ ውስጥ የሚወዛወዙትን ማዕድን አውጪዎች በአድናቆት ነው የሚገልጻቸው።

ሆኖም ዘዳግም 22፥6 እና 7ን አነበብኩለት። በመንገድ ላይ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን መውሰድ ይችላል፤ እናቲቱን ግን ይልቀቃት ይላል ሕጉ። መብላትን አልከለከለም፤ ወሰን አበጀለት። ወንድሜ ቶሎ ብሎ «ታዲያ እዚያውስ መልካም ይሆንልሃል፣ ዕድሜህም ይረዝማል የሚል ጥቅም አለ አይደል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አለ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዋጋውን የምትከፍለው ወፏ አይደለችም። ወፏ በራ ትሄዳለች፤ ዳግመኛም አትታይም። የሚከፍለው ሕጉን የሰጠው ነው። ፊልሙ የጎደለው ይህ ነው፤ የተራረፈችው እናት የመኖሪያዋን ዋጋ በልጆቿ ጉልበት ራሷ ከፈለች።

ይህን ወደ ቀያችን ስናመጣው ይከብዳል። በመንግሥት ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ግል የተዛወረው የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃዱ ሲታደስ፣ ነዋሪዎች ከማዕድኑ የሚወጣ ኬሚካል ሰውንና ከብትን ጎድቷል፣ ሕፃናትም ጉዳት ይዘው ይወለዳሉ ብለው አደባባይ ወጡ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ ፈቃዱን አገደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራው እንደገና ተጀመረ። ማን ምን አጠፋ የሚለውን ለመዳኘት አልተነሣሁም። የምለው ስለ ክርክሩ ነው። ስንት የውጭ ምንዛሪ፣ ስንት የሥራ ዕድል፣ ለአካባቢው ስንት በመቶ? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ወጣቱም ሊጠይቃቸው ይገባል። ነገር ግን የታመመ ሕፃን በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው ወርቅ የለውም። ስሞታው የሚሰማው የድርሻ ጥያቄ ሲታከልበት ብቻ ከሆነ፣ እንደ ሆርታ የሚሸጥ ነገር እስኪያገኝ መጠበቅ ሊኖርበት ነው።

የጉጂ አባቶች «ሰፉ» የሚሉት ነገር አለ። ሰው ለሰው፣ ለከብት፣ ለዛፍና ለውኃ ሊጠብቀው የሚገባውን ክብርና ወሰን ይመለከታል። ከወንጌል ጋር አንድ ነው አልልም፤ ነገር ግን ከብቱ ስንት ያወጣል ከሚለው ሒሳብ በፊት የሚመጣ ነገር እንዳለ እነሱም ያውቃሉ።

ለፊልሙ ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ሰው ልጨምር፤ ሐኪሙ ማኮይ። ከርክ ያስጠራው ፓምፑን ለማስመለስ የሆርታን አመኔታ ማግኘት ስላስፈለገ ጭምር ነው። ሐኪሙ ግን ድንጋይ የሆነ ገላ ሲያይ እኔ ግንበኛ አይደለሁም ብሎ ያጉረመርማል። ከዚያ የግንባታ ሲሚንቶ ከመርከቧ አስመጥቶ፣ እጁ እስኪበላሽ ድረስ ቁስሏ ላይ ይለስናል። ስለ ማዕድኑ ስምምነት በዚያን ሰዓት ያሰበ ሰው አልነበረም። ቁስሉ መያዝ ሲጀምር እንደ ልጅ ይደሰታል፤ እጁን እየጠራረገ።