ሐሰተኛ የሌለው ሐሰት

ሐሰት ያለ ሐሰተኛ ይገኛልን? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የቃላት ጨዋታ ይመስላል። ውሸት ካለ የዋሸ ሰው መኖር አለበት፤ ከሰው አፍ ወይም ከሰው ብዕር ካልወጣ ከወዴት ሊመጣ ይችላል? እኛም እንዲሁ እናምን ነበር። ባለፈው ዓመት የደረሰብን፣ እንዲያውም እኛው ራሳችን ያደረስነው ነገር ግን ይህን እምነታችንን አናጋብን። አንባቢ እንዲፈርደን ነገሩን ከሥሩ እናወጋለን።

አራት ነን። የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ስንሆን የምናድረውም በአንድ ክፍል ነው። ስለ ኖርማንዲ ወረራ ስንማር በአማርኛ የሚነበብ በቂ ነገር አጣንና «ታዲያ ራሳችን ለምን አንጽፈውም?» ተባባልን። በ2001 እ.ኤ.አ. የተጀመረው፣ ማንም ገብቶ ሊጽፍበትና ሊያርምበት የሚችለው ውክፔዲያ የተባለው መዝገበ ዕውቀት በሩ ክፍት ነው። ስለ ጄኔራሎቹ የሚጽፍ መቼም አይጠፋም ብለን እኛ ስለ ጀልባዎቹ ለመጻፍ ተነሣን፤ ወታደሩን ከትልልቁ መርከብ ተቀብለው ከባሕሩ ዳር ስለሚያራግፉት ጀልባዎች ማለታችን ነው።

የመጀመሪያው ችግር ስም ነበር። «ማረፊያ ጀልባ እንበላቸው» አለ አንዱ። ሌላው ሳቀ። በአማርኛ አውሮፕላንም ያርፋል፣ የደከመውም ያርፋል፣ የሞተውም «አረፈ» ይባላል። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ከእነዚያ ጀልባዎች ከወረዱት ስንቶቹ በዚህ በመጨረሻው ትርጉም እንዳረፉ እናውቅ ነበርና። በመጨረሻ በየገበያው የምናውቀውን ጫኝና አውራጅ አስታወስንና «አውራጅ ጀልባ» በሚለው ተስማማን።

ሥራው እንደ ገባንበት ጣፈጠን። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ቋንቋ ያቀናል፣ አንዱ ምንጭ ያመሳክራል። ከሁሉ ያስገረመን ጀልባዋ ራሷ የብዙ እጅ ሥራ መሆኗ ነው። የኒው ኦርሊንሱ አንድሩ ሂጊንስ ቀድሞ በሉዊዚያና ረግረግ ለሚሠሩ አዳኞችና ነዳጅ ፈላጊዎች ጀልባ ይሠራ ነበር። ያቺ 11 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት፣ አብዛኛው አካሏ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ 36 ወታደር የምትይዝ ጀልባ በስሙ ትጠራለች፤ ከ20,000 በላይም ተሠርታለች። ነገር ግን ከፊቷ ተዘርግቶ ድልድይ የሚሆነው በር የሂጊንስ ሐሳብ ብቻ አልነበረም። በ1937 እ.ኤ.አ. ቪክተር ክሩላክ የተባለ ወጣት የአሜሪካ መኮንን ጃፓኖች ሻንግሃይ ላይ እንዲህ ያለ በር ያላቸውን ጀልባዎች ሲጠቀሙ አይቶ ፎቶግራፍ አንሥቶ ነበር። ሪፖርቱ ዋሽንግተን ሲደርስ ሰሚ አላገኘም። በሩ በሂጊንስ ጀልባ ላይ የተገጠመው በ1941 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ «የፈጠራት ሂጊንስ ነው» የምትለዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ጽፈን ስንት ጊዜ እንደ ሰረዝናት!

ሌላም ክርክር ነበረን። ከእኛ አንዱ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» የተባለውን ፊልም አይቷል። በፊልሙ ኦማሃ በተባለው ዳርቻ የሚወርዱት የሬንጀር ወታደሮች የሚመጡት በሂጊንስ ጀልባ ነው። መጻሕፍቱ ግን እነዚያን ሬንጀሮች ያወረዷቸው ኤልሲኤ የተባሉት የእንግሊዝ ጀልባዎች ነበሩ፣ ቀዛፊዎቹም የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከበኞች ነበሩ ይላሉ። «በዓይኔ ያየሁትን!» ብሎ ሙግት ገጠመን። ያየው ግን ፊልሙን እንጂ ባሕሩን አልነበረም። ስቀንበት አረምነው። የራሳችን ተራ እንደሚመጣ አላሰብንም።

ተራችን የመጣው «የነብር ልምምድ» ከተባለው ታሪክ ላይ ስንደርስ ነው። ሚያዝያ 20 ቀን 1936 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ አፕሪል 28 ቀን 1944) ለሊት ለወረራው ልምምድ የወጡ ስምንት የአሜሪካ ታንክ ጫኝ መርከቦች በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ላይ ይጓዙ ነበር። ዘጠኝ የጀርመን ፈጣን የቶርፔዶ ጀልባዎች አገኟቸውና ሁለቱን አሰጠሙ፣ አንዱን ክፉኛ ጎዱ። ወታደሮቹ የመንሳፈፊያ ቀበቶውን እንዴት እንደሚታጠቁት በደንብ አልተማሩም ነበር። ብዙዎቹ በብብታቸው ሥር በማሰር ፈንታ በወገባቸው ስለ ታጠቁት ከጀርባቸው ሸክም ጋር ውሃው ገለበጣቸው፤ እግራቸው ወደ ላይ፣ ራሳቸው ወደ ታች ሆኖ ሰጠሙ። በዚያ ልምምድ የሞተው ሰው ከስድስት ሳምንት በኋላ ያው ኃይል ዩታ በተባለው ዳርቻ ሲወርድ በዕለቱ ከሞተበት ይበልጣል። ዛሬ ከባሕር የወጣ አንድ ሸርማን ታንክ ቶርክሮስ በተባለ የእንግሊዝ መንደር መታሰቢያቸው ሆኖ ቆሟል።

ስንት ሰው ሞተ? እዚህ ላይ ምንጮቹ ይለያያሉ። አንዱ 197 መርከበኞችና 441 ወታደሮች፣ በድምሩ 638 ይላል። ሌላው 198 መርከበኞችና 551 ወታደሮች፣ በድምሩ 749 ይላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰውም ይሄኛው ነው። 946 የሚልም አለ።

አሁን ጥፋታችንን እንናገር። የመጀመሪያው ጓደኛችን ሲጽፍ «ቁጥሩን እስከ 946 የሚያደርሱት አሉ» ብሎ ጻፈ፤ ልክ ነበር። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩ ተንዛዛ ብሎ አሳጠረው፤ «946 ሰዎች ሞቱ» ሆነ። ሦስተኛው ይህንኑ ወስዶ በገጹ ዳር ካለው ሰንጠረዥ አስገባው። አራተኛው ሊያመሳክር ተቀመጠ፤ በጽሑፉም በሰንጠረዡም ቁጥሩ አንድ ሆኖ አገኘው፣ ከሥሩም ምንጭ ተጠቅሷል፤ «በቃ፣ ይስማማል» ብሎ አለፈ። ማናችንም አልዋሸንም። ገጹ ግን ሦስት ወር ሙሉ ዋሸ።

ነገሩ የተገለጠው በክፍል ውስጥ ነው። አብራን የምትማር አንዲት ልጅ ስለ ልምምዱ ጥናት ስታቀርብ «946 ሰዎች» አለች። መምህራችን አስቆሟት። ከየት እንዳመጣችው ጠየቋት፤ ከየት እንዳመጣችው ተናገረች። «የሙታንን ቁጥር እንዲህ ካለ ቦታ ለቅመሽ ትመጫለሽ?» አሏት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኛ አራታችንም በአንድ ረድፍ ተቀምጠናል። እያንዳንዳችን ሌላው እስኪነሣ ጠበቅን። ማንም አልተነሣም። ደወሉ ተደወለ፣ ወጣን።

በዚያች ሌሊት ሳንተኛ ነው ያደርነው። የገጹን የለውጥ ታሪክ ከፍተን አየን፤ መዝገበ ዕውቀቱ እያንዳንዷን ለውጥ ከነሰዓቷና ከነጸሐፊዋ ያስቀምጣል። «እስከ» የምትለዋ ቃል የወጣችው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ሲሆን ከአጠገቧ የተጻፈው ምክንያት «ጥቃቅን እርማት» ይላል። ሦስት ፊደል! እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው?

አንደኛው መልስ፣ «ቃሏን ያወጣው ሰው ነው» የሚል ነው። እርሱ ግን ቋንቋ ማቅናት ተሰጥቶት ቋንቋ አቀና፤ ከእርሱ በኋላ ሁለት ሰው ገጹን አይቶታል። ሁለተኛው መልስ፣ «የማንም አይደለም፣ የአሠራሩ ነው» ይላል። ይሄ ምቹ ነው፤ ምቹ መሆኑ ራሱ ያስጠረጥራል። አሠራር አንገት አይደፋም፣ ልጅቷ ግን ደፍታለች። ሦስተኛው መልስ፣ «የሁላችንም ነው፣ ስለዚህ በአራት እንካፈለው» የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር በክፍል ውስጥ አፋችንን የዘጋው ይሄ ሦስተኛው ነው። እያንዳንዳችን ሩብ ጥፋት ብቻ እንዳለን ተሰማን፤ ሩብ ጥፋት ደግሞ ሰውን ከመቀመጫው አያስነሣም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ለድካም እውነት ነው፤ ድካምን ስንካፈል ይቀላል። ጥፋት ግን ሎሚ አይደለም። አራት ሰው አንድ ሐሰት ቢጽፍ አንባቢው የሚያነበው ሩብ ሐሰት ሳይሆን ሙሉውን ነው። የዋስትና ውል የፈረመ ሰው «በአንድነትና በነጠላ» የምትለዋን ሐረግ ያውቃታል፤ ባለዕዳው ቢጠፋ እያንዳንዱ ዋስ ለሙሉው ይጠየቃል ማለት ነው። በጋራ የሚጽፉ ሰዎችም እንዲህ ናቸው እንላለን። ክብሩን ለአራት እንከፍለዋለን፤ ዕዳው ግን በእያንዳንዱ ደጃፍ ሙሉውን ይቆማል።

«ለሩቅ አገር ሙታን ይህን ያህል ምን አንገበገባችሁ? ቁጥር ነው እኮ!» የሚሉን ጓደኞች አሉ። መልሳችን ከዚያው ከልምምዱ ታሪክ ነው። በዚያች ሌሊት የጀርመን ጀልባዎች መታየታቸው በራዲዮ ተነግሮ ነበር። ታንክ ጫኞቹ ግን አልሰሙም፤ በትእዛዙ ወረቀት ላይ በተሠራ የአተያየብ ስሕተት ምክንያት ከአጃቢያቸውና ከእንግሊዙ የባሕር ኃይል ማዘዣ በተለየ ሞገድ ላይ ነበሩ። ያንን ወረቀት የተየበው ሰው ሐሰተኛ አልነበረም። ከእርሱ በኋላ ወረቀቱን አይተው ያለፉትም አልነበሩም። «ጥቃቅን» የምንለው ነገር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከዚህ የባሰ ምስክር አንፈልግም። የእኛ ስሕተት ሰው አልገደለም፤ የሞቱትን ግን በትክክል ሳንቆጥር ቀረን። ሙታን ደግሞ «አይ፣ እኛ ይህን ያህል አይደለንም» ብለው ገጹን አያርሙም። በዚያ ላይ ጽሑፉ በአማርኛ ነው። አራሚው ጥቂት በሆነበት ቋንቋ ስሕተት ዕድሜው ይረዝማል።

ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብን? ከሦስቱ ቁጥሮች አንዱን በድምፅ ብልጫ መምረጥ? ስንከራከር አንዱ የመጻሕፍት መምህራንን ዘዴ አነሣ። እነርሱ አንድን ቃል ሲተረጉሙ አንዱን ፍቺ ይሰጡና «አንድም» ብለው ሌላውን ይቀጥላሉ። ይሄ የመወላወል ምልክት አይደለም፤ እያንዳንዱ «አንድም» ምክንያቱን ይዞ ይመጣል። እኛም ገጹን እንዲሁ ጻፍነው፤ 638፣ አንድም 749፣ አንድም 946፤ እያንዳንዱም መርከበኛው ስንት፣ ወታደሩ ስንት እንደሆነ የሚዘረዝር ከሆነ ዝርዝሩን፣ ካልሆነ አለመዘርዘሩን አስቀመጥን።

አንድ ነገር ግን ሳንጽፍ ቀረን። 749 ላይ 197 ብትደምሩ 946 ይመጣል። ባሕር ኃይሉ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ይሆን ብለን ጠረጠርን። የመዝገበ ዕውቀቱ ሕግ የጸሐፊውን የራሱን ግኝት ይከለክላል፤ ስለዚህ ጥርጣሬያችን በገጹ ቦታ የለውም፤ እዚህ እንደ ጥርጣሬ ብቻ እናስቀምጠዋለን። ሕጉ ልክ ነው። ሆኖም «ምንጭ አለው» ማለት «እውነት ነው» ማለት አለመሆኑን ተምረንበታል፤ ያ ስሕተታችንም ከሥሩ ምንጭ ነበረው።

በማግሥቱ ልጅቷን ፈልገን አገኘናትና ማን ምን እንዳደረገ በየተራ ነገርናት። ዝም ብላ ሰማችን። ከዚያ «ትናንት ለምን አልተናገራችሁም?» አለች። ለዚህ መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም። ወደ መምህራችንም አብረናት ሄድን። በገጹ የውይይት ቦታም ስሕተቱንና የእያንዳንዳችንን ድርሻ ጻፍን። የጥንት ቁም ጸሐፊዎቻችን ብዙ ጊዜ በመጽሐፉ መጨረሻ ስማቸውን አስፍረው ጸሎት ይለምኑ ነበር። ዱሮ ስናየው ለስም የተደረገ ይመስለን ነበር። አሁን ግን «የጻፍሁት እኔ ነኝና እኔን ጠይቁኝ» ማለትም ይመስለናል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ንጋቱ ማንም ሳይነካው ይጠራል። እኛ ግን ገጹን ሦስት ወር አሳድረነው አልጠራም፤ የጠራው አንዲት ልጅ በእኛ ፈንታ ካፈረች በኋላ ነው። ጽሑፉ አሁንም እዚያው አለ። ሄዳችሁ አንብቡት፤ ስሕተት ያገኘባችሁ ከአራታችን ማንኛችንንም ይዞ ይጠይቅ። «እሱ ነው የጻፈው» የምንል ከሆነ አትስሙን።