ያለፈውን ግጥሚያ ደግሞ ስለ መመልከት

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ባለበት በአንድ እሑድ ቀን፣ የእኅቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጥቶ ሳለ ስልኩን ከኪሱ አወጣና፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ፤ በእውነት ያሸነፈው ማን ነው ይላሉ?» አለኝ። ያሳየኝ ነገር መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው የቦክስ ግጥሚያ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ እሑድ እሑድ የቆየ ግጥሚያ ማየትና መከራከር ልማድ ሆነብን። አብሮኝ ያስተምር የነበረ፣ እንደኔው ጡረታ የወጣ አንድ የሒሳብ መምህርም ሦስተኛ ሆኖ ገባበት።

በዚህ ዕድሜህ የቡጢ ነገር ምን አገባህ የሚለኝ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ የተማርሁት ሁለተኛውን ጉንጭ ስለ ማዞር እንጂ ስለ ቡጢ አልነበረም። ዳሩ ግን ክርክሩ እየጠነከረ ሲሄድ አንድ ጥያቄ ልቤን ያዘው፤ ይኸውም፣ ፍጻሜው የታወቀውን፣ የተመታውም ሰው በኋላ ምን እንደ ደረሰበት የታወቀውን ግጥሚያ ደጋግሞ መመልከትና በዚያም መደሰት ለሰው የተገባ ነውን? የሚል ነው። እናንተ ወጣቶች ይህን ሁሉ በእጃችሁ መዳፍ ይዛችሁ ስለምትዞሩ፣ ጥያቄው ከኔ ይልቅ ለእናንተ ይቀርባል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

መጀመሪያ የታየውን ላስቀድም፤ ማንም ስላልሞተበት ለመከራከር ይቀላል። ሴፕቴምበር 22 ቀን 1927 የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ጃክ ዴምፕሲ፣ በፊተኛው ዓመት ማዕረጉን ከወሰደበት ከጂን ተኒ ጋር፣ ከ100 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሜዳ ቺካጎ ላይ ገጠመ። በ7ኛው ዙር ዴምፕሲ ተኒን በተከታታይ መትቶ ጣለው። ሕጉ ግን፣ ጣዩ ወደ ገለልተኛው ጥግ ሄዶ እስኪቆም ድረስ ዳኛው መቍጠር አይጀምርም የሚል ነበር። ዴምፕሲ በቀድሞው ልማዱ ከወደቀው ሰው አጠገብ ቆሞ ቀረ። ዳኛው ዴቭ ባሪ ወደ ጥጉ እንዲሄድ ካዘዘውና እርሱም ከሄደ በኋላ «አንድ» ብሎ ጀመረ። ተኒም «ዘጠኝ» ሲባል ተነሣ። በሰዓት ቢለካ ግን መሬት ላይ የቆየው 14 ሴኮንድ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ዙሩን ጨረሰ፤ ግጥሚያውንም በነጥብ አሸነፈ።

የሒሳብ መምህሩ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሦስት ጊዜ አስደግሞ ቈጠረ። ቡናው ቀዘቀዘበት፤ አላወቀውም። «ሰው አሥር ሴኮንድ መሬት ላይ ከቆየ ተሸንፏል፤ አሥራ አራት ከአሥር ይበልጣል፤ በቃ» አለ። የእኅቴ ልጅ ደግሞ «ሕጉን ያፈረሰው ራሱ ዴምፕሲ ነው፤ በገዛ እጁ ያባከነውን ጊዜ ማን ይመልስለት?» ብሎ መለሰ። በ8ኛው ዙር ዴምፕሲ ራሱ በወደቀ ጊዜ ዳኛው ወዲያው መቍጠር ጀመረ፤ ተኒ ወደ ጥጉ እስኪሄድ አልጠበቀም የሚለውንም ክስ አነሡ። እኔም መካከል ሆኜ ሰማሁ። መቼም ፊልሙ ተኒ ስንት ሴኮንድ እንደ ወደቀ ይነግረናል። ቍጥሩ ቀድሞ ቢጀመር ኖሮ ቀድሞ ሊነሣ ይችል እንደ ነበረ ግን ሺህ ጊዜ ብናስደግመው አይነግረንም። ተኒ ራሱ እችል ነበር ብሏል። ሊያምነው የፈለገ ያምነዋል። ይልቁን የገረመኝ ሌላ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች በኋላ ዘመናቸው ወዳጆች ሆነው ኖረዋል። አንድ ሳንቲም ያልከሰርንበት እኛ ነን ጠቡን እስከ ዛሬ ያቆየነው።

ይህን የመሰለው ክርክር፣ የጊዜ ማባከን ነው ካልተባለ በቀር፣ ማንንም አይጎዳም። ከባዱ የሚቀጥለው ነው።

ማርች 24 ቀን 1962 በኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በሚባለው አዳራሽ፣ ኩባዊው ቤኒ ፓሬትና ኤሚል ግሪፊዝ ለሦስተኛ ጊዜ ተገናኙ። ግጥሚያው በቴሌቪዥን በየቤቱ ይታይ ነበር። ክብደታቸውን ሲመዘኑ ፓሬት ግሪፊዝን ወንድነቱን በሚነካ ቃል ሰድቦታል። ፓሬት ደግሞ ከአራት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በክብደት ከሚበልጠው ከጂን ፉልመር ጋር ገጥሞ በ10ኛው ዙር በዝረራ የተሸነፈ፣ ገና በወጉ ያላረፈ ሰው ነበር። በ12ኛው ዙር ግሪፊዝ ጥግ ላይ ያዘውና ከሃያ የሚበልጥ ቡጢ ያለ መልስ አወረደበት። ገመዱ ደግፎት ስለ ነበር ፓሬት መውደቅ እንኳ አልሆነለትም። ዳኛው ሩቢ ጎልድስታይን ገብቶ ግሪፊዝን ሲጎትተው ነገሩ አብቅቷል። ፓሬት ራሱን እንደ ሳተ ሆስፒታል ተወሰደ፤ በዐሥረኛው ቀን ኤፕሪል 3 ሞተ። ዕድሜው 25 ዓመት ነበር።

ይህን ስናይ 12ኛው ዙር ሲደርስ የእኅቴ ልጅ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ «አሁን! አሁን ይመልከቱ!» አለ። ተመለከትሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ካበቃም በኋላ «እስቲ መልሰው» አልሁት። ምክንያቴን ሲጠይቀኝ ዳኛው የት ላይ መግባት እንደ ነበረበት ለማወቅ ነው አልሁ። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ሙሉ እውነትም ግን አይደለም።

ወዳጄ የሒሳቡ መምህር እንዲህ ብሎ ተከራከረኝ፦ «ይህ ብርሃንና ጥላ ነው እንጂ ሥጋ አይደለም። ፓሬት ከሞተ ስድሳ ዓመት አልፎታል። አንተ ብታይም ባታይም አንዲት ቡጢ አትጨመርበትም፣ አትቀነስለትምም። ታዲያ በደሉ በማን ላይ ነው?» ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ሌሊት ተኝቼ አሰብሁበት። በፓሬት ላይ አዲስ በደል እንደማይደርስ እሙን ነው። ነገር ግን በ1962 ከቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ፍጻሜውን አያውቅም ነበር፤ ፓሬት ከጥጉ ይወጣል፣ ደወል ይደርስለታል ብሎ ሊያስብ ይችል ነበር። ከጭካኔ የሚጠብቀውም ይህ ተስፋው ነው። እኔ ግን ዐውቃለሁ። ዐውቄ ሳለሁ ሰውየውን ወደ ጥጉ መልሼ ሳስገባው የምጠብቀው ያችኑ መጨረሻ ነው፤ እንዳታመልጠኝም ዐይኔን አልነቅልም። ሰው ሊመጣ ያለውን ክፉ ነገር እየተጠባበቀ መቀመጥን ከለመደ፣ ልማዱ ከፊልም ውጭ አይከተለውምን?

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በፊት በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ በዕረፍት ሰዓት ሁለት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ተጣሉ። እኔ ጠመኔ በእጄ እንደ ያዝሁ በረንዳው ላይ ቆሜ ነበር፤ ከነሱም የሚለየኝ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ትንሹ ልጅ ቀልጣፋ ነበረና ትልቁን ይጥለዋል ብዬ ገመትሁ፤ ይጥለውም እንደ ሆነ ለማየት ፈለግሁ። ስንት ሴኮንድ እንደ ቆምሁ የቈጠረ የለም፤ ከአሥራ አራት ግን ይበልጥ ነበር። ትንሹ ልጅ ጆሮው ላይ ተመታና ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሮጬ ደረስሁ፤ እንደ ደንቡም ሁለቱንም ቀጣሁ። በዚያ ጆሮው ሁለተኛ አልሰማም። ዛሬ የልጆች አባት ነው። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንሥቶ በአክብሮት ሰላም ይለኛል፤ ስመልስለትም ደኅናውን ጆሮ ወደኔ ያዞራል። በረንዳው ላይ መቆሜን ነግሬው አላውቅም።

እንግዲህ ጎልድስታይንን ለመውቀስ አፌ አይደፍርም። ጥፋተኛ አይደለም ተብሎ ተፈርዶለታል፤ እኔም በመሰለኝ ነገር ሌላ ፍርድ አልጨምርም። በስልክ እያስቆመ «እዚህ ጋ ነበር መግባት የነበረበት» ለማለት የእኅቴ ልጅ ጣት ትበቃለች። ግሪፊዝም ቢሆን ያንን ዙር ለማየት ስልክ አላስፈለገውም፤ ብዙ ዓመት በሕልሙ ይመጣበት ነበር። በ2005 በታየ አንድ ፊልም ውስጥ ከፓሬት ልጅ ጋር ተገናኝቶ ሲተቃቀፉ ይታያል። ደጋግማችሁ የምታዩት ነገር ካሻችሁ እርሱን እዩ።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ግን፣ የቆየ ግጥሚያ አይታይ ብዬ ልደመድም ስል ሌላ ነገር ከለከለኝ። ጁላይ 4 ቀን 1910 ጥቁሩ ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን፣ የነጭን የበላይነት ያስመልስ ተብሎ ከዕረፍቱ የተጠራውን ጂም ጄፍሪስን ሬኖ በምትባል ከተማ በ15ኛው ዙር አሸነፈው። በዚያው ሌሊት በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ሁከት ተነሥቶ ሰው ሞተ። ፊልሙም በየከተማው ተከለከለ፤ በ1912 ደግሞ የቦክስ ፊልም ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው እንዳይጓዝ የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ እስከ 1940 ድረስም ጸና። ለሕዝብ ጠባይ አስበን ነው የሚል ምክንያት አልጠፋም፤ ነገር ግን ያስፈራቸው ደሙ አልነበረም፤ የወደቀው ሰው ቀለም ነው። ስለዚህ «አትመልከት» የሚል ቃል ሁሉ ከንጹሕ ልብ እንደማይወጣ ዐወቅሁ። ያየ ሰው ሊመሰክር ይችላል፤ ላላየ ግን የነገሩት ሁሉ እውነት ይመስለዋል።

የኛንም አገር የሚነካ አንድ አለ። ጁን 25 ቀን 1935፣ ሙሶሊኒ ጦሩን በኛ ላይ በሚያሰናዳበት ወራት፣ ጆ ሉዊስ ግዙፉን ጣልያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን ኒው ዮርክ ላይ ገጠመ። የአሜሪካ ጥቁሮች ሉዊስን እንደ ኢትዮጵያ፣ ካርኔራን እንደ ጣልያን አድርገው ተመለከቱት። ሉዊስ በ6ኛው ዙር አሸነፈ። ከመቶ ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 3፣ የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ። ይህን ፊልም ባየሁ ጊዜ ካርኔራ በወደቀ ቍጥር ጉልበቴን በእጄ እየመታሁ ደስ አለኝ፤ አባቶቻችን የተቀበሉት መከራ ትንሽ የተበቀለ መሰለኝ። ኋላ ግን የሰውየውን ታሪክ አነበብሁ። ካርኔራ በድህነት ያደገ፣ በሰርከስ ጉልበቱን እያሳየ እንጀራውን የበላ፣ አስተዳዳሪዎቹ በስሙ ያገኙትን ገንዘብ የበሉበት ምስኪን ሰው ነበር። መረብን የተሻገረው እርሱ አልነበረም። ደስታዬ በሙሉ አልጠፋም፤ የጠፋ ብመስል ሐሰት ይሆንብኛል። ነገር ግን ሁለተኛ ሳየው ጉልበቴን አልመታሁም።

የመጨረሻው ክርክራችን በማኒላው ግጥሚያ ላይ ነበር፤ እስከ ዛሬም አላለቀም። ኦክቶበር 1 ቀን 1975፣ በብርቱ ሙቀት ውስጥ፣ መሐመድ አሊና ጆ ፍሬዘር ለሦስተኛ ጊዜ ገጠሙ። አሊ ወደ ጦር ሠራዊት አልገባም ብሎ ከቦክስ በታገደበት ዘመን ፍሬዘር የረዳው ሰው ነው፤ አሊ ግን በኋላ በሕዝብ ፊት በጦጣ እየመሰለ ሰደበው። (የአሊ ወዳጆች ይህን ሲያልፉት አያለሁ፤ እኔም የአሊ ወዳጅ ነኝ፤ አልፈው ዘንድ ግን አልችልም።) አሥራ አራት ዙር ተደባደቡ። የፍሬዘር ዐይኖች አብጠው ሊዘጉ ደረሱ፤ የሚመጣበትንም ቡጢ ማየት ተሳነው። ከዙሩ በኋላ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ አሠልጣኙ ኤዲ ፈች ይብቃ አለ። ፍሬዘር እቀጥላለሁ ብሎ ለመነው፤ ፈች አልሰማውም። በዚያው ቅጽበት አሊ ደግሞ በወዲያኛው ጥግ ኀይሉ ተሟጦ ነበር፤ አሸነፍህ ሲባል እንኳ ብዙም ሳይቆም መድረኩ ላይ ወደቀ።

የእኅቴ ልጅ ተቈጣ። «ጋሼ፣ አንድ ዙር ብቻ እኮ ነው የቀረው! አሊ ላይነሣ ይችል ነበር። ደግሞስ ሰውነቱ የፍሬዘር ነው፤ ዐይኑም የፍሬዘር ነው። ሰው በገዛ አካሉ ላይ ማዘዝ ካልቻለ በምን ላይ ሊያዝ ነው?» አለኝ። የሒሳቡ መምህር የዳኞቹን ነጥብ ደምሮ ሦስቱም አሊን እንዳስበለጡ፣ ፍሬዘር ሊያሸንፍ የሚችለው በዝረራ ብቻ እንደ ነበረ አስረዳው። ልጁ ግን ጥያቄዬ ስለ ነጥብ አይደለም አለ፤ ልክ ነበር።

እኔ የመለስሁለት እንዲህ ነው፦ ፓሬትም ቢጠየቅ ኖሮ ይብቃኝ አይልም ነበር። ሰው በአሥራ አራተኛው ዙር መጨረሻ የሚሰጠው ፈቃድ፣ ጧት በጤናው ከሚሰጠው ፈቃድ ጋር እኩል አይደለም። ፈች ከዚያ በፊት በመድረክ ላይ ሰው ሲሞት አይቶ ነበር፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበረው ሕዝብ ሁሉ ማን ያሸንፍ ይሆን የሚለውን ጥያቄ የተወ እርሱ ይመስለኛል። ልጁ ግን አልተረታም። «እንግዲያው ማንም አሠልጣኝ ስለ ሰው ሕይወት ከባለቤቱ ይልቅ ያውቃል ማለት ነው?» አለኝ። ለዚህ መልስ አጣሁና ዝም አልሁ። ፍሬዘር ራሱ እስከ 2011 ኖሮ ሞተ፤ ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን አየ፤ ያች ያልተሰጠችው 15ኛ ዙር ግን እስከ መጨረሻው ታንገበግበው ነበር ይባላል።

ባርኔጣውን እያነሣ ሰላም የሚለኝ ያ ሰው ቤት ከኔ ሩቅ አይደለም። በዚህ ሳምንት ሄጄ በረንዳው ላይ የሆነውን ልነግረው አስቤአለሁ፤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ከደጁ ተመልሻለሁ። የእኅቴ ልጅ ደግሞ በሚመጣው እሑድ የማኒላውን ግጥሚያ ከ11ኛው ዙር ጀምሮ ደግመን እንድናየው ነግሮኛል። የሒሳቡም መምህር ሰዓቱን ይዞ ይመጣል።