አቻ

መሐል ሜዳ ላይ፣ የመንዝ ብርድ አጥንት በሚሰረስርበት አንድ ማለዳ፣ ሁለት መምህራን ሻይ ቤት ተቀምጠው ቼዝ ሲጫወቱ አየሁ። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ከተፋጠጡ በኋላ አንደኛው እጁን ዘረጋ፣ ሌላው ጨበጠው፣ አለቀ። አጠገቤ ባና የተከናነቡ አዛውንት፣ «ማን ረታ?» አሉኝ።

«አቻ ናቸው፣ አባቴ።»

«ታዲያ ለዚህ ነው እንዲህ ሲጨነቁ ያረፈዱት?»

እውነቱን ለመናገር አቻ እኔንም ያናድደኛል። ካርፖቭና ካስፓሮቭ በአውሮፓውያን 1984 የጀመሩትን የዓለም ሻምፒዮና አስቡት። ስድስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ይወስዳል ተባለ። 48 ጊዜ ተጋጠሙ፤ 40ው አቻ! ወራት ፈጅቶ በየካቲት 1985 ያለ አሸናፊ ተቋረጠ።

የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ደግሞ የባሰ ጉድ አለበት። ሠራዊቱ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይረታም፤ ጨዋታው አቻ ይሆናል። ሁሉን ማርከህ፣ እጅህ ሞልቶ፣ አላሸነፍክም ትባላለህ። ይሄ ምሕረት ነው ወይስ የአሸናፊን ድካም መቀማት?

ጥያቄው ለእኔ የጨዋታ ብቻ አይደለም። አባቴ ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአንዲት ድንበር ለዓመታት ተሟግቷል። ድንበር ስላችሁ፣ አንድ ጥማድ በሬ እንደ ልብ የማያዞር መሬት ነው። ሽማግሌዎች «እኩል ተካፈሉና ይቅር» ቢሉት፣ «እውነት በግማሽ የለም» ብሎ እምቢ አለ። ረታም። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ምስክሮቹን እኔም አውቃቸዋለሁ። አጎቴ ግን ከዚያ ወዲህ ቤታችንን አልረገጠም። አባቴ ሲቀበር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ቆሞ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲያለቅስ አየሁት። አልገባም።

አባቴ እኩል ቢካፈል ኖሮ ይሻል ነበር ልል አፌ ላይ ይመጣና እመልሰዋለሁ። ሁለት እኩል የተጫወቱ ሰዎች ቢጨባበጡ ያምራል። አንዱ የሌላውን እርሻ ገፍቶ ካረሰ በኋላ «እኩል እንውጣ» ቢል ግን የገፋውን ግማሽ መረቅነው ማለት ነው። በየመንደሩ ስንት ደካማ በዚህ ዓይነት «እርቅ» መሬቱን አጥቷል! ይህን ሳስብ አባቴ ልክ ነበር እላለሁ። ያ ቅጥር ሲታወሰኝ ደግሞ አፌ ይያዛል።

መምህራኑ ጠጠሮቹን እንደገና መደርደር ጀመሩ። አዛውንቱም «አሁንስ ይለይላቸው ይሆን?» እያሉ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።